ኬላ ላይ የታየው ሥዕል

ከነጌሌ ወደ ክብረ መንግሥት በምትሄደው ላንድሮቨር ውስጥ ከኋላዬ የሥዕል መምህርና አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተቀምጠዋል። መምህሩ ጉልበቱ ላይ ሰፊ ካርቶን ይዟል፤ በጥቁርና በግራጫ ቀለም ብቻ የተሣሉ አራት ማዕዘኖች ሞልተውበታል።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሥዕል ነው አባባ። እኔ ነኝ የሣልኩት።»

«የምን ሥዕል?»

«የምንም። ቅርጽ ብቻ ነው።»

«ኬላ ላይም እንዲህ ልትል ነው? የጦር ሰፈር ካርታ ነው ቢሉህስ?»

«ካርታ አይደለማ!»

«ቤት አለው፣ መንገድ አለው። እኔ ራሴ መጋዘኔን አግኝቼበታለሁ።»

«ሁለት ወር የለፋሁበት ነው እኮ አባባ።»

«ሁለት ወር? እሱንማ ጭራሽ እንዳትነግራቸው! የወለል ንጣፍ ናሙና ነው፣ አድርስ ተብዬ ነው በል።»

ኬላው ጋ ስንደርስ አንድ ወታደር «ናጋ?» ብሎ ሰላም አለንና ካርቶኑን አንስቶ ወደ ብርሃን ዞረ።

«ማነው የሠራው?»

«አላውቅም ጓድ። የወለል ንጣፍ ናሙና ነው። አድርስ ተብዬ ነው።»

ወታደሩ ብዙ አየው።

«ለወለልማ ያሳዝናል። ሰው እንዴት ይህን ይረግጣል? ሠሪውን ካገኘኸው፣ አንድ ወታደር እጅህ ይባረክ ብሎሃል በለው።»

«እሺ ጓድ… እነግረዋለሁ።»

መኪናዋ ስትነሳ ነጋዴው ሳቁ።

«አየህ፣ ተረፍክ!»

«አዎ አባባ፣ ተረፍኩ።»

እኔም ኬላው ጋ ከመድረሳችን በፊት ወታደሮቹ እንዳያዩብኝ ከቀሚሴ አንገት ሥር የደበቅኩትን ማተቤን ወደ ውጪ አወጣሁት።