ማር በጥላ ነው የሚታየው

ጋሽ ፈቀደ ካርቶናቸውን አቅፈው ከታክሲ ሲወርዱ የካርቶኑ ታች ተተረተረና ያ ሁሉ የማር ስቲከር አየር ጤና ፌርማታ ላይ ተዘረገፈ።

"ፋዘር ቶሎ ይሰብስቡ፣ ትራፊክ መጣ!" አለ ረዳቱ፤ በሩን ድርግም አድርጎ ሄደ።

ከኋላ ወንበር የወረደች አንዲት ልጅ ብቻ ጎንበስ ብላ ትለቅምላቸው ጀመር። ማራናታ ትባላለች። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ጋ ያለ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ናት። ሥራዋ ሰው የሚያመጣውን ዲዛይን ለህትመት ማዘጋጀት ነው ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰው ያበላሸውን ስታቃና ነው የምትውለው። የዛን ቀን ብቻ ሦስት ሰው የስልኩን ስክሪን ፎቶ አንስቶ "ይቺን ትልቅ ባነር አድርጊልኝ" ብሏታል። ስለዚህ ሌላ የተበላሸ ህትመት የማየት ትዕግስት አልነበራትም። ግን አንዴ እጇ ገብቷል፣ አየችው።

"ጋሼ፣ የቡና ነው?"

"የምን ቡና! ማር ነው እንጂ!"

"ውይ ይቅርታ። ይቺ ዝንብስ?"

"ንብ ናት!" አሉ ጋሽ ፈቀደ፤ ድምፃቸው ሊሰበር ምንም አልቀረው። "ልጄ፣ አንቺም አትቀልጂብኝ። ሌቦች ናቸው። ቀለሙን ቀንሰው፣ በውሃ በጥብጠው ነው ያተሙልኝ። ይኸው ስልኬን እዪ! ወርቅ አይደለም?"

ስልኩ ላይ እውነትም ወርቅ ነበር። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ስለከፈቱት ዓይን ይወጋል።

"ጋሼ፣ አልሰረቁዎትም። ስልክ ቀለም የሚያሳየው በብርሃን ነው። ወረቀት ደግሞ አይበራም።"

"እና ያብሩታ! ለምን ከፈልኳቸው?"

ማራናታ ወደ ሰማይ አየች። ጥላቸው መሄድ ትችል ነበር። ግን ሽማግሌው የተቀደደውን ካርቶን ታቅፈው ግራ ሲጋቡ አይታ አንጀቷ አልቻለም፤ ግማሹን ይዛላቸው እስከ ሱቃቸው ሸኘቻቸው።

መንገድ ላይ ጭንቀታቸውን ነገሯት። ማሩን ቦንጋ ያለው ወንድማቸው ነው የሚልክላቸው። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅል፣ አንዴ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው ነው። ወይዘሮ ምሥራቅ የምትባል የሱፐርማርኬት ባለቤት ማሩን ልትቀበላቸው ነበር፤ ስቲከሩን ስታይ ግን "ይሄማ የከረመ ማር ይመስላል" ብላ መለሰቻቸው። ሳትቀምስ! ሰኞ ጠዋት አስተካክለው ካልመጡ መደርደሪያውን ለሌላ ነጋዴ ትሰጠዋለች።

"ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው" አለች ማራናታ። "ዲዛይኑን ማን ሠራው?"

"የእህቴ ልጅ ቀዳማዊ፣ በስልኩ። ቴሌግራም ላይ አለ፤ ልላክልሽ።"

ላኩላት። ከፍታ ስታሰፋው ንቧ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆነች።

"በፎቶ መልክ ሲልኩት እኮ ቴሌግራም መንገድ እንዲቀለው ይጨምቀዋል። የንቧ ክንፍ ተጨምቆ እዛው ቀርቷል። ቀዳማዊ ዋናውን በፋይል ይላክ።"

"ያው አይደለም እንዴ?"

"አይደለም ጋሼ! ስልክ ቁጥሩስ? የመጨረሻው አኃዝ የታለ?"

"ቆራጩ በላው።"

"ጠርዙ ላይ ስለጻፋችሁት ነው! የወረቀት መቁረጫ ፀጉር ታህል ትንሸራተታለች። ለዛ ነው ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገባ፣ የጀርባውን ቀለም ደግሞ ከሚቆረጥበት መስመር ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጣ የምናደርገው።"

"ወጣ፣ ገባ!" ሱቃቸው ደርሰው ነበርና ሽማግሌው ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ወረወሩት። "ሃያ ሁለት ዓመት ማር ስሸጥ ወጣ ገባ ያለኝ የለም! እናንተ የተማራችሁ ያበላሻችሁትን በቋንቋ ትሸፍናላችሁ። ስልኬ ወርቅ ካለ ወርቅ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ!"

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። በዓይናችን አየን ካልን አለቀ። በምን ብርሃን እንዳየን ግን ራሳችንን አንጠይቅም።

ማራናታ ቦርሳዋን አነሳች፤ አሁንስ በቃኝ ብላ ነው። ይሄኔ ጎረቤታቸው አልፊያ ገባችና አንድ ጠርሙስ ማር አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ፀሐዩ ላይ ከፍ አድርጋ አየችው።

"ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል!"

"አልፊያ!" ብለው ጮኹባት ጋሽ ፈቀደ። "ስንቴ ልንገርሽ? ማር በፀሐይ አይታይም! ፀሐይ ስኳር የተቀላቀለበትንም ጭስ የገባበትንም ማር ወርቅ ታደርገዋለች። አታላይ ነጋዴ ነው ገዢውን ወደ ፀሐይ የሚያወጣው። እኔ አላታልልሽም፤ ወደ ጥላ አምጪው!"

አልፊያ ሳቀችና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ማራናታ ባንኮኒው ላይ ቦግ ብሎ የተቀመጠውን ስልክ አየች፤ ከዛ ሽማግሌውን አየች።

ጋሽ ፈቀደም ስልኩን አዩ። አነሱትና ብርሃኑን ቀነሱት። ወርቁ ደበዘዘ።

"ዝም በይ፣ ገብቶኛል" አሉ።

"ምንም አላልኩም እኮ ጋሼ።"

"ፊትሽ ብሏል።"

ቅዳሜ ማራናታ ዋናውን ፋይል ከቀዳማዊ ተቀበለች። ቀለሙን ከስክሪን ብርሃን ወደ ማተሚያው አራት ቀለሞች ቀየረችው። ቢጫው ውስጥ ገብቶ ጭቃ ያስመሰለውን ጥቁር አወጣች፤ ስልክ ቁጥሩን ወደ ውስጥ አስገባች። ሁሉንም ከማሳተሟ በፊት በዛው በሚታተምበት ወረቀት አንዲት ናሙና አወጣች።

ማር ይዘው ማተሚያ ቤቱ የመጡት ጋሽ ፈቀደ ናሙናዋን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወደ ጥላ ሄዱ። የማር ጠርሙሱን ከጎኗ አድርገው ዓይናቸውን አጠበቡ።

"ቀይ በዝቶባታል።"

ማራናታ ቀነሰች። ሌላ ናሙና አወጣች።

"አሁንም ትንሽ።"

"ጋሼ፣ ትናንት እኮ ስልኬ ወርቅ ካለ ወርቅ ነው ሲሉኝ ነበር!"

"ትናንት ፀሐይ ላይ ነበርኩ" አሉ፤ ሳይስቁ። በሦስተኛው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይቺ ናት። የወንድሜ ማር ይቺ ናት።"

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ምሥራቅ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው። ስለ ስቲከሩ ክፉም ደግም አልተናገረችም። ክዳኑን ከፈተችና ቀመሰች። ከዛ ዞር ብላ ለሠራተኛዋ "መደርደሪያውን ለእሳቸው አስለቅቂ" አለቻት።

አያችሁ፣ የተስተካከለ ህትመት ጥቅሙ ይሄ ነው። ማሩን አላጣፈጠውም፤ እንዲቀመስ ግን በሩን ከፈተለት። ፋይሉ ሳይጨመቅ ቢላክ፣ ቀለሙ ለወረቀት ቢዘጋጅ፣ ጠርዙ ቢታሰብበት፣ አንዲት ናሙና ቀድማ ብትታይ ኖሮ ያ ሁሉ ስቲከር ባልተጣለ፣ ንጹሐን አታሚዎችም ሌባ ባልተባሉ ነበር።

አሁን የማራናታ ንዴት ሌላ ነው። ጋሽ ፈቀደ ገና ሳይነጋ ይደውሉላታል። "ልጄ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያልሽው በአራቱም በኩል ነው አይደል?" የነጋዴ ጓደኞቻቸውን ሁሉ እየጎተቱ ያመጡባታል። ባለፈው ሳምንት የማራናታ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ኢዮሲያስ የጉባኤ ፖስተር በስልኩ ይዞ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ስልኩን ወደ እሷ ዘርግቶ።

"ማራኒ፣ እዪው፣ እንዲህ ደማቅ ሆኖ ይታተምልኝ።"

ማራናታ ገና አፏን ሳትከፍት ከኋላው የጋሽ ፈቀደ ድምፅ መጣ።

"አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ስልክህን ይዘህ ከፀሐይ ወደ ጥላ ግባ!"