በመምህሬ ቁመት

በደርግ ጊዜ ነው። ልደታ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንገቴን ሳሽ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ወልዴ አዩኝ። አብነት ሰፈር የሚሠሩ አናጢ ናቸው። «ምን ሆነው ነው ዶክተር?» አሉኝ። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝና ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ በተኛ በሽተኛ ላይ አጎንብሼ እንደምውል ነገርኳቸው። «ጠረጴዛው ከፍ አይልም?» «ይላል።» «ታዲያ በማን ልክ ነው ያለው?» በመምህሬ ልክ ነበር። እሳቸው አጭር ናቸው፤ ረዳታቸው ሳለሁ ከፍ ይበልልኝ ማለት ድፍረት መስሎኝ መጉበጡን ለመድኩት። ጡረታ ወጥተው እኔ በቦታቸው ስተካም ጠረጴዛውን አልነካሁትም። ጋሽ ወልዴ ፈገግ አሉ። «እኔ ጋ መጀመሪያ የሚለካው ሠራተኛው ነው፤ እንጨቱ ይደርሳል።»

በማግስቱ ጠረጴዛውን ከፍ አስደረግኩት። አንገቴ ሲሻለው ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከቀዶ ሕክምና ስንወጣ ግን ረዳቴ ዶክተር አልማዝ ትከሻዋን ስታሽ አየኋት። ለካ ጠረጴዛው ለእኔ ከፍ ሲል እሷ ክንዷን ሰቅላ ነው የምትውለው። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ምንም አይደል ዶክተር፣ ለምጄዋለሁ» አለች። መምህሬ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ እኔም የምመልሰው ይህንኑ ነበር።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አብነት ሄጄ፣ ለረዳቴ ከፍ ያለ የእንጨት መቆሚያ እንዲሠሩልኝ ጋሽ ወልዴን ለመንኳቸው። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አንስተው «ቁመቷ ምን ያህል ነው?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ቆማ ስትሠራ፣ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።