ዘጠና አምስት አለ?

በኛ ጊዜ ቤንዚን ሁለት ስም ነበረው፤ ሱፐርና ሬጉላር። ቆይ፣ ያ ስልክህ እየቀዳ ነው እንዴ? ቀይ ነገር ይታየኛል። ይሁን፣ ይቅዳ። ስም ግን አልጠራም፣ አስቀድሜ ነግሬሃለሁ። የታምራትን እጠራለሁ፣ የሟች ወንድሜ ልጅ ነው፣ አይከሰኝም። የመካኒኩን የምትኩንም እጠራለሁ፣ ምንም አላጠፋም። የሻጩን ግን እንዳትጠይቀኝ።

እና ሱፐርና ሬጉላር ነበር። እኔ ያኔ ቴፒ አንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ጆንያ እሸከማለሁ። ማደሪያዬም እዚያው ጆንያው ላይ ነው። ሰውዬው አንዲት መኪና ነበረችው፣ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ሲያስነሳት የመጋዘኑ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ታዲያ እሷ ሱፐር ካልሆነ አትጠጣም። ሬጉላር ከሰጠሃት ዳገት ላይ ታንኳኳለች፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ጨምረህ እንደምትነቀንቅ፣ ቃ ቃ ቃ ቃ። ሰምተኸው ታውቃለህ? አያሰማህ።

አንድ ቀን ጄሪካን አሸክሞ እዚህ ሚዛን ከተማ ላከኝ። «ሱፐር ካልሆነ እንዳትመጣ!» አለኝ። መጣሁና ሻጩን «ሱፐር አለ?» አልኩት። «አለ» አለ። አየሁት፣ ቢጫ ይላል። ሱፐር ወደ ቢጫ ያደላል ይባል ነበር፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ይዤ ሄድኩ። በማግስቱ ነጋዴው ሸኮ ዳገት ላይ ሞተሩን አቃጠለ። በሰው መኪና ተመልሶ መጣና «የት ሸጥከው?» አለኝ።

«ምኑን ጌታዬ?»

«ሱፐሬን! ሱፐሬን ሸጠህ ላምባ ሞልተህልኝ መጣህ!»

እና የሆነው ሆነ። እሱን አላወራም። ይሄ የፊት ጥርስህ የት ሄደ ብለህም እንዳትጠይቀኝ። በዝናብ አስወጣኝ። ባዶውን ጄሪካን ከኋላዬ ወረወረብኝ፣ እኔም አነሳሁት፣ ቢያንስ ውኃ ይያዝልኛል ብዬ። ወንዝ ወርጄ ሳጥበው ታዲያ ከሥሩ ቢጫ አተላ ወጣ። አሸተትኩት። ምን መሰለህ? እርድ! ይሄ የኛ አገር እርድ፣ አልጫ ውስጥ የሚገባው! ላምባ ደባልቆ፣ በእርድ አቅልሞ፣ ሱፐር ብሎ ሸጦልኛል። ለማን ልንገር? ማን ይሰማኛል?

ከዚያ ወዲህ ሰው «አለ» ሲለኝ ያ የሌለው ጥርሴ ያመኛል።

ታዲያ ዘንድሮ ታምራት ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ መጣ። አባቱ በገዛ እጁ የተከለውን ቡና ለሰው ለቆ ነው የገዛት። ሌላ ምንም የለውም፣ ትሰማኛለህ? ቡናው ሄዷል፣ ያለችው እሷ ናት። «ለሙሽራ አከራያታለሁ ጋሼ» አለኝ። ዞርኳት። ዝቅ ያለች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። አልወደድኳትም።

«ተርቦ ናት ጋሼ።»

«ተርቦ ምንድነው?»

«አየር ወደ ሞተሩ ይነፋል።»

«ጎማ ናት የምትነፋው?»

ሳቀብኝ። የቤንዚን መክደኛውን ከፈተልኝ፣ ከውስጡ 95 ተብሎ ተጽፏል። «የተሠራችበት ዓመት ነው?» አልኩት። «አይደለም ጋሼ፣ ከዚህ ያነሰ ቤንዚን አትስጡኝ ማለቷ ነው።» እና በልቤ፣ ያቺ የቴፒዋ ተመልሳ መጣች አልኩ።

ምትኩ ጋ ወሰድኳት። ምትኩ ጋራዡ ባጃጅ የሞላ ነው፣ ከሥራው ቀና ሳይል ነው የሚያወራህ። «ቁጥሩ ምንድነው? የፍጥነት ነው?» አልኩት።

«ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። የትዕግስት ነው ጋሼ። ይቺ ሞተር አየርና ቤንዚኑን አጥብቃ ነው የምትጨምቀው። ትዕግስት የሌለው ቤንዚን ካንዴላው ሳይለኩሰው በራሱ ይቀጣጠላል። እሱ ነው የሚያንኳኳው። ሲቆይ ፒስቶኑን ይበላዋል።»

«ታዲያ ዘጠና አምስት የት አለ?»

«የለም።»

«ቴፒስ?»

«የለም።»

«ማሻስ?»

«የለም ጋሼ። በዚህ ሁሉ አገር ያለው ማደያ የሚቀዳው ብቻ ነው። እሱን ይቅዳና እግሩን ይሰብስብ። ዳገቱን በከባድ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ። ካንኳኳች ነዳጅ መስጫውን ይልቀቅ። ውስጧ ያለው ኮምፒውተር ትንሽ ያግዘዋል፣ ግን አይመኑት።»

«ለምክሩ ምን ልስጥህ?»

«ምንም።»

ይኼኔ ነው የጠረጠርኩት! እውነቴን ነው የምልህ፣ ጠረጠርኩት። በነፃ የሚመክር ሰው አይቼ አላውቅም። መንገድ ላይ ታምራትን ያዝኩት፤ «ይሄ ሰው መኪናዋ እንድትሰበር ይፈልጋል» አልኩት። «ስትሰበር ማን ይፈታታል? እሱ። ለዚህ ነው ማደያውን ቅዳ የሚልህ።» ታምራትም «እኔም ገርሞኛል» አለ። ሁለታችንም ሰውዬውን ሰርቀህ በላህ ልንለው ምንም አልቀረንም።

ታዲያ ከቴፒ ስልክ ተደወለ። ሰርግ ነው፣ እሑድ፤ ጥሪ ካርዱም በሚኒባስ መጣለት። የሙሽራዋ ወንድም «ያቺ መኪና ከፊት ትሁንልን፣ ሰው ሁሉ ይያት፣ ድምጿንም ይስማ» ይላል። ታምራት ልቡ አበጠ። ያንኑ ቀን ከሰዓት እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ዘጠና አምስት አገኘሁ!»

«የት?»

«ገበያው ጀርባ። በጄሪካን።»

«ምን አለህ?»

«አለ አለኝ።»

ጥርሴን አመመኝ። «ሳትቀዳ እኔን ውሰደኝ» አልኩት።

ደረስን። ሰውዬው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ከፊቱ ለባጃጆች ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተደርድሯል፣ ከኋላው ደግሞ አንድ ትልቅ ጄሪካን በጆንያ ሸፍኗል። ለምን ሸፈነው? ፀሐይ እንዳይነካው ነው አለ። ይሁን።

«ዘጠና አምስት አለ?» አልኩት።

«አለ ጋሼ!» ጆንያውን ገለጠና ከጄሪካኑ በኩባያ ቀድቶ አሳየኝ። ቢጫ ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ይጮህ ነበር። እኔ አልጮህኩም። «አይ፣ የኛዋ ዘጠና አምስት አይበቃትም» አልኩት። «ዘጠና ስምንት አለ?»

«እንዴ፣ አለ እንጂ!» አለና ኩባያውን መለሰ፣ ከዚያው ጄሪካን ደግሞ ቀዳ።

ታምራት አየኝ። እኔ አላየሁትም።

«መቶስ አለ?»

«መቶማ የታወቀው ነው! ይኸው!» ከዚያው።

«መቶ ሃያ?»

ትንሽ አሰበ። አስቦ «መቶ ሃያ ነገ ከጅማ ይገባል» አይለኝ መሰለህ!

ሊቀዱ የቆሙት ባለ ባጃጆች መሳቅ ጀመሩ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። «ጋሼ፣ በጌታ ስም፣ ንጹሕ ነው!» አለ። «ጌታን ጄሪካን ውስጥ አታስገባው» አልኩት። ከታምራት ኪስ የሰርጉን ጥሪ ካርድ አወጣሁ፣ ጀርባው ነጭ ነው። ከኩባያው ጠብ አደረግሁበትና ፀሐይ ላይ ያዝኩት። ንጹሕ ቤንዚን ይተናል፣ ወረቀቱን እንደነበረ ትቶት ይሄዳል። ይሄ አልሄደም። መሐሉ ላይ ቅባት ቀረ፣ ላምባው ነው፤ ዙሪያው ቢጫ ሆነ። አሸተትኩት። ስንት ዘመን አልፎ፣ ያው ሽታ! ለታምራት ሰጠሁት።

«ምን ምን ይላል?»

አሸተተ። «አልጫ» አለ።

አንዱ ባለ ባጃጅ «ወይኔ፣ እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ ነው የቀዳሁት!» ብሎ ተነሳ። ሌላው «ታዲያ ለዚህ ነዋ ባጃጅህ ወጥ ወጥ የሚሸተው!» አለው። ሰውዬው ጄሪካኑን መልሶ በጆንያ ሸፈነ። እኔ ታምራትን ክንዱን ይዤ ወጣሁ። የአባቱን ቡና በኩባያ ሊደፋው ነበር እኮ!

ማደያ ተሰለፍን፣ ቀዳን። እሑድ ከሙሽራው አጀብ ጋር ወደ ቴፒ አብሬው ሄድኩ፣ አላመንኩትማ፣ ወጣት ነው፣ እግሩን አላምነውም። ሸኮ ዳገት ላይ ያ ሁሉ የሰርግ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈን። ሚኒባሱ አለፈን። መጨረሻ ላይ የመዘምራኑን ድምጽ ማጉያ የጫነ ባጃጅ፣ ባጃጅ እልሃለሁ፣ አጠገባችን መጣና «ጋሼ፣ እንግፋችሁ?» አለ። ታምራት ጥርሱን ነክሶ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ ሰማኋት፤ ቃ።

«ልቀቅ!» አልኩ።

ለቀቀ። ዝም አለች። ያቺ የነጋዴው መኪና የቆመችበት ጠመዝማዛ ጋ ስንደርስ ምላሴ ጥርሴ የነበረበትን ቦታ ትፈልጋለች። አለፍነው። በከባድ ማርሽ፣ እንደ አህያ፣ ግን አለፍነው። ቴፒ ስንገባ የሙሽራዋ ወንድም «ከፊት ሁኑ ብለን ከኋላ መጣችሁ!» አለ። «መጣን አይደል?» አልኩት።

ሰኞ ምትኩ ጋ ሄድኩ። ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ጣል አደረገና «ደህና ናት» አለ። «የሚፈታ ነገር የለም?» አልኩት፣ አሁንም እየጠረጠርኩ። «የለም» አለኝና ወደ ባጃጁ ተመለሰ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እና እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ ያወቅሁት ይህን ነው፦ እቃ ፈልገህ ሄደህ «የለም» ብሎ ባዶ እጅህን የሚመልስህን ሰው እመነው። ከሱ ምን ይጠቀማል? ደንበኛ ነው የሚያጣው።

እየቀዳ የነበረው ወጣት ስልኩን አንስቶ «ጋሼ፣ ግን የሻጩ ስም?» አላቸው።

«የለም» አሉ።

«እንዴት ስም አይኖረውም?»

«የለም አልኩህ። የለም ያለህን ሰው እመን አላልኩህም እንዴ?» አሉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን የጎደለ ጥርሳቸውን አሳይተው ሳቁ።