የአፍንጫው ተቀናቃኝ

ዳቦ ልገዛ ብቅ ባልኩበት ኬክ ቤት በር ላይ የሰፈራችንን የጋዝ ምድጃ ጠጋኝ አገኘኋቸው። ሰው ሁሉ «አፍንጫው» ይላቸዋል፤ የጋዙን ጎማ አሽተው ብቻ ያፈሳል አያፈስም ብለው ስለሚፈርዱ ነው። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ምን ደህንነት አለ መምህር! የገዛ ወንድሜ ልጅ እንጀራዬን ልትነጥቀኝ ነው። በእኔ አፍንጫ ፋንታ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጋዝ አነፍናፊ ሣጥን! የኬክ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ‹እሰይ፣ የተማረ ልጅ!› ትላታለች። እኔን አንድ ቀን እሰይ ብላኝ አታውቅም።»

ቅናት ነው እንግዲህ፤ እሱ ደግሞ ሽማግሌ ነው ብሎ አያዝንም። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተከትያቸው ወጥ ቤት ገባሁ። በቤተ ሙከራ የምትሠራው የወንድማቸው ልጅ ተንበርክካ ሣጥኗን ከግድግዳው ግርጌ ታስራለች።

«አፍንጫ እግር ላይ ነው እንዴ የሚበቅለው?» አሏት።

«ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል ጋሼ።»

«እሺ፣ በውስጧ ምን አላት ይቺ የማትተነፍስ?»

«ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚገኝ፣ በዓይን የማይለይ ደቃቅ ዱቄት አላት። የጋለው ዱቄት ጋዝ ሲነካው ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል፤ ያኔ ትጮኻለች።»

«መድቀቁ ለምን አስፈለገ?»

«የተፈጨ ስኳር ከድፍኑ ቶሎ የሚሟሟው ውሃው የሚነካው ቦታ ስለሚበዛ አይደል? ጋዙም እንደዚያው ነው።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ሣጥኗ ጮኸች። አፍንጫው ጎንበስ ብለው ጎማውን አሸተቱ።

«ምንም የለም! ቀጣፊ!» አሉና ደስ ብሏቸው ክብሪት አወጡ። «ቆይ፣ ለኩሼ ላሳያችሁ!»

«ጋሼ፣ በሞቴ!» ልጅቷ እጃቸውን ለቀም አደረገች። ባለቤቲቱ ሮጣ ሲሊንደሩን ዘጋች፤ እኔም ሽታው እየሰነፈጠኝ መስኮቱን ከፈትኩ። ክፍሉ ሲናፈስ ልጅቷ የጎማው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብታ ሲሊንደሩን ትንሽ ከፈት አደረገች። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«እኔን ግን ምንም አልሸተተኝም» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ቀኑን ሙሉ ጋዝ ሲያሸት የሚውል አፍንጫ ይለምደዋል ጋሼ፤ ጥፋትዎ አይደለም። ሣጥኗም ብትሆን መጮህ እንጂ መፍቻ መያዝ አትችልም። እሷ ትናገር፣ እርስዎ ይጠግኑ። ቤት ከቃጠሎ፣ ሰው ከሞት ይድናል፤ እርስዎንም የሚጠራዎት ይበዛል እንጂ አይቀንስም።»

አፍንጫው መጋጠሚያውን አጥብቀው ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«መምህር፣ ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ‹ምድጃው ጋ ጋዝ ይሸተኛል› ብትለኝ፣ ‹በዚህ ቤት አፍንጫው ማን ነው?› ብዬ ጮህኩባት።»

በሩ ላይ ወጥተው ለሚስታቸው ስልክ ደወሉ። «እንዳትለኩሺ! መስኮቱን ክፈቺና ውጪልኝ!» እሷ ምን እንዳለች አልሰማሁም። እሳቸው ግን አዳመጧትና፣ «አዎ፣ ልክ ነበርሽ» አሏት።

ከዚያም ለልጅቷ እጃቸውን ዘረጉ፤ «ሌላ ሣጥን ካለሽ ቶሎ በይ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»