በአስካለች ስም የገባው ብር

ሚልክያስ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ ተራውን ሲጠብቅ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ከቦዲቲ የመጡ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ስማቸው አስካለች ይባላል። "የባንክ ሠራተኛ ነኝ" ብሎ የደወለ ሰው በስልካቸው የገባውን የምስጢር ቁጥር አስነግሯቸው፣ የዓመታት ጥሪታቸውን ዘጠና ሁለት ሺህ ብር ጠርጎ እንደወሰደባቸው አጫወቱት።

የብሩን መጠን ሲሰማ ሚልክያስ ዞር ብሎ አያቸው። የእሱን የባንክ ሒሳብ ያሳገደው ገንዘብ ይኸው ነበር።

"እናቴ፣ ብሩ የገባው ወደ እኔ ሒሳብ ነው" አላቸው አንገቱን ደፍቶ። "ሌባው ግን እኔ አይደለሁም።"

አስካለች ትኩር ብለው አዩት። "ታዲያ እንዴት አንተ ጋ መጣ?"

ሚልክያስ በትሕትና አስረዳቸው። ተመርቆ ሁለት ዓመት ያለሥራ ከተቀመጠ በኋላ፣ በኢንተርኔት ለአንድ የውጭ ድርጅት ዲዛይን መሥራት ጀመረ። ድርጅቱ የሚከፍለው በክሪፕቶ ነው፤ ስልክ ውስጥ ብቻ በሚኖር ዶላር። ይህን የሚመነዝርለት ባንክ ስለሌለ በቴሌግራም ላገኘው ሰው ይሸጣል። ገዢው ብሩን ባንክ ያስገባለታል፤ እሱም ዶላሩን ይለቃል።

"የአምስት ወር ድካሜን ነው የሸጥኩት። እናቴ ማክሰኞ የማህፀን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት፤ ብሩ ለእሱ ነበር። እርስዎ ተዘረፉ፤ እኔም ዶላሬን ሰጠሁ። በምን ጥፋቴ ነው የምከፍለው?"

ነገሩ እውነት ነበረበት። ግን የተማረ ሰው እውነትን በግማሽ ሲናገር፣ ግማሹ ከሙሉው ይበልጥ ያምራል።

"ገዢውን ታውቀዋለህ?"

"ጌታነህ ነኝ ብሎኛል። አላውቀውም።"

"እኔ አንድ ኪሎ ቅቤ ስገዛ ባዕድ ነገር እንዳይኖርበት አቅልጬ አያለሁ፤ የሻጯን ቀበሌ እጠይቃለሁ። አንተ የአምስት ወር ላብህን ፊቱን ላላየኸው ሰው ሰጠህ።"

"ሌላ መንገድ የለማ፣ እናቴ።"

"ይሁን። ብሩ ሲገባልህ የማን ስም ነበር የታየህ?"

ሚልክያስ ስልኩን አውጥቶ የባንኩን መልእክት ከፈተ። የላኪው ስም ጌታነህ አልነበረም። ያኔ ጠይቆ ሰውዬው "የእህቴ ሒሳብ ነው" ብሎት ነበር። ሌሎች ከሚገዙበት በዶላር ዐሥር ብር ስለጨመረለት አመነው፤ ማመንም ፈለገ።

"የእርስዎ ስም" አላቸው።

"ስሜን አይተህ ነው የወሰድከው።"

"አዎ። በዶላር ዐሥር ብር ስለጨመረልኝ አልመረመርኩም።"

አስካለች ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ልጄ፣ ሌባ አልልህም። ግን ያ ዐሥር ብር ከየት እንደመጣ ብታጣራ ኖሮ፣ እኔ ዛሬ ገበያዬን ትቼ እዚህ አልቀመጥም ነበር። ለእናትህ እጸልያለሁ። ብሬን ግን ልተውልህ አልችልም፤ አምስት ነፍስ ነው ከእሱ የሚበላ።"

ትዕዛዝ የተባለችው መርማሪ ሁለቱንም ወደ ቢሮዋ አስገብታ፣ ከተከራከሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንደሚሄድና ሒሳቡ ምናልባት ዓመት ታግዶ እንደሚቆይ ነገረቻቸው። ሚልክያስ ብሩ ለባለቤቷ እንዲመለስ ፈረመ።

ዕለቱን ለድርጅቱ "በባንክ ልትልኩልኝ ትችላላችሁ?" ብሎ ጻፈ። ይህን ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ በክሪፕቶው ምንዛሪው ስለሚበልጥለት መጠየቁ አልታየውም። በማግስቱ መልስ መጣ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይችላሉ። ክፍያው ይዘገያል፣ ምንዛሪውም ያንሳል። ነገር ግን ላኪው የታወቀ ገንዘብ ይገባል፤ ሒሳቡን የሚያሳግድ፣ የማያውቃትን ሴት ጥሪት የሚያስበላ አይሆንም። መንገዱ በአንድ ጥያቄ የሚገኝ መሆኑን ሚልክያስ የተረዳው ጥሪቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሰኞ ወደ ቤተሰቦቹ ከተማ ወደ ቤሌ ወረደ። እናቱ ቦሼ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ በር ላይ ትጠብቀው ነበር።

"እማዬ፣ ብሩ የሰው ሆኖ ተገኘ። መለስኩት።"

ቦሼ ሆዷን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ደግ አደረግህ" አለችው። ቀጥላም፣ "ሌላ ቀጠሮ መቼ ይሰጡናል?" አለች።

ሚልክያስ ፌስታሉን አንስቶ ወደ ቤት መልሶ አስገባው።