ማኩ የጠየቀው የልደት ቀን

ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ስንመጣ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ ላፕቶፑን ታቅፎ ይነጫነጭ ነበር። አጠገቡ ያሉት አሮጊት ጠየቁት።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ማኬ፣ ይህ ላፕቶፔ ተቆለፈብኝ፣ እማማ። የባለቤቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ነገ ታስረክባለች።»

«ሌላ ቦታ አልገለበጠችውም?»

«በፍላሽ ልያዘው ስትል፣ ማክ አይበላሽም ብዬ ከለከልኋት።»

«ታዲያ ተበላሸ?»

«የለም፣ ደህና ነው። ሶፍትዌሩን ሳድሰው የተወለድህበትን ቀን ንገረኝ አለ። መጀመሪያ ስመዘገብ በእኛ አቆጣጠር ሞልቼ ኖሯል። ዛሬ በፈረንጅ እየሞላሁ ደጋግሜ ተሳሳትሁና ዘጋብኝ።»

«በእኛው አትነግረውም?»

«አሁንማ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ኢንተርኔቱን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ዘግተውታል። ለምን ዘጋችሁ ብንል ማን ይመልስልናል? ሥራችንን በምን እንሥራ? ዝም ብለው ይከለክላሉ እንጂ ሰው ይቸገራል አይሉም።»

«መንግሥትስ ኢንተርኔት ከለከለህ። ሚስትህን ፍላሽ የከለከላት ማን ነው?»

ላፕቶፑን ጠበቅ አድርጎ አቀፈው።

«ነግረሃታል?»

«አልነገርኋትም። መናኸሪያ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።»

እኔም የልጄን የክትባት ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ የተወለደችበት ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ደግሜ አነበብሁ።