ባለቁልፉ ወንበር የሳቡ ዕለት

የዚያች አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቁልፍ በአንድ ሽማግሌ እጅ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲቀርጹና ጓጉንቸር ሲጠግኑ የኖሩ ናቸውና ሰው ሁሉ «ባለቁልፉ» ይላቸዋል። ስብሰባ ሲረዝምባቸው በር ላይ ቆመው የቁልፉን ዘለላ ያንቃጭላሉ። ያን ድምፅ የሰማ፣ ሰርገኛም ይሁን ለቀስተኛ፣ ኮቱን አንሥቶ ውልቅ ነው። ቄሱ እንኳ ንግግራቸውን ያሳጥራሉ እየተባለ ይቀለድ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የሠፈሩ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ አንዲት ወጣት ፋርማሲስት፣ የዛገ ጓጉንቸር ይዛ ወደ ሱቃቸው ገባች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የመጋዘናችን ጓጉንቸር አልከፈት ቢለን ከነማጠፊያው ነቅለን አመጣነው።»

ባለቁልፉ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አሰሩት፤ ዘይት ጠብ አደረጉበትና በመነጽራቸው ሥር አጮልቀው አዩት።

«ከተከፈተ ስንት ጊዜው ነው?»

«እኔ ከተቀጠርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ሲከፈት አላየሁም።»

«አዬ ልጄ! ጓጉንቸር የሚበላሸው በመክፈት መሰለሽ? ተዘግቶ ሲከርም ነው የሚበላሸው። በየሳምንቱ ብትከፍቱት ኖሮ የልጅ ልጅሽ ትወርሰው ነበር።»

ልጅቱ ይህችን ቃል ሰምታ ለጊዜው ዋጥ አደረገቻት። ብልህ ሰው የተሰጠውን ሁሉ ወዲያው አያወጣም።

«ካገኘሁዎት አይቀር አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እሑድ ከጸሎት በኋላ አዳራሹን ለአንድ ሰዓት ይክፈቱልን። ቄሱን ጠይቀን ‹ባለቁልፉ ከፈቀዱ ደስታዬ ነው› ብለውናል።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለጎልማሶች ትምህርት። መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን፤ ያልገባንን እንጠይቃለን፤ እንወያያለን።»

ባለቁልፉ ዝገቱን የሚፍቁበት ሞረድ ቆመ።

«ትምህርት በልጅነት፣ አበባ በጥቅምት ሲባል አልሰማሽም? በዚህ ዕድሜያችን ደግሞ ተማሩ ልትሉን ነው?»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባልም ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። እኔን ጨምሮ ሳይማር የጠመጠመው ስንት ነው!»

ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ፤ ግን በጢማቸው ውስጥ አስቀሩት።

«ስሚኝ ልጄ። እምነት ተቀብለው የሚኖሩበት እንጂ የገበያ ክርክር አይደለም። ዛሬ አንዱ ‹ለምን?› ይላል፤ ነገ ሌላው ይጠራጠራል። በኋላ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።»

«እንግዲያው የሥራዬን ላጫውትዎት። መድኃኒት የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ‹ከምግብ በፊት ነው በኋላ?› ብሎ ያደርቀኛል። ሌላው አፍሮ ዝም ይልና ቤቱ ገብቶ እንደመሰለው ይውጣል። ማንኛው የሚድን ይመስልዎታል? ጥያቄም ስላልጠየቁት አይጠፋም፤ ውስጥ ውስጡን ይበላል እንጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

ባለቁልፉ ሞረዱን አስቀመጡ። ልጅቱ ሳታውቀው ቁስላቸውን ነክታዋለች። የዛሬ ስምንት ዓመት ባለቤታቸውን ቀብረው ሲመለሱ ያለቻቸው አንዲት ልጅ «አባዬ፣ ያን ሁሉ ጸልየን እማዬ ለምን ሞተች?» ብላ ነበር። እሳቸውም በለቀስተኛው ፊት «አፍሽን ዝጊ! እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም!» አሏት። እሷም ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጣ አታውቅም። ከምትኖርበት ከተማ ስትደውል «ደህና ነህ?» ትላለች፣ «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ በዚያው ያበቃል። አንድ ልጅ ያለው ሰው በሁለት ቃል ሲኖር እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

«ደግሞስ» አለች ልጅቱ የዋጠቻትን አውጥታ፣ «ጓጉንቸር ተዘግቶ ሲከርም ነው የሚበላሸው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«አንቺ ልጅ፣ በገዛ ሞረዴ ሞረድሽኝ እኮ!» አሉና ሳቁ። «በይ፣ አንድ እሑድ ብቻ። በር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ አንድ ሰዓት ሲሞላ እዘጋለሁ።»

እሑድ አሥራ አራት ሰው መጣ። ወንበሩን ክብ አድርገው ተቀመጡ። ከመጡት አንዱ፣ የሠፈሩ ልብስ ሰፊ፣ መነጽሩን ረስቶ ስለነበር አጠገቡ የተቀመጠች ወተት ሻጭ እያነበበችለት፣ የአልዓዛርን ሞት ታሪክ አነበቡ። ባለቁልፉ ዘለላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ጆሯቸውን ብቻ የሰጡ መስለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ማርታ ጌታን ወቀሰችው እኮ!» አለ ልብስ ሰፊው። «ቀድሞ ቢመጣ ወንድሟ ባልሞተ ነበር ነው የምትለው። እኔ ብሆን አልደፍርም።»

«እሱስ ምን አላት?» አለች ፋርማሲስቷ። «ተቆጣት?»

ወተት ሻጯ ገጹን በጣቷ እየተከተለች ፈለገች። «አልተቆጣትም። አነጋገራት። ወደ መቃብሩ ሊሄድ ሲልማ እሱም አለቀሰ።»

ሰዓቱ ሞላ። ባለቁልፉ ብድግ ሲሉ ዘለላው ተንቃጨለና ሰዉ ሁሉ እንደ ልማዱ ኮቱን አነሣ። እሳቸው ግን ወደ በሩ አልዞሩም። ወደ ውስጥ ገቡና ወንበር ስበው ከክቡ ተቀላቀሉ።

«ቆዩማ፤ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «እሱ ማርታን ካልተቆጣ፣ እኔ ልጄን የተቆጣሁት በማን ሥልጣን ነው?»

ነገሩን ከነሥሩ ተናገሩ። ስምንት ዓመት የታመቀው እንባም አብሮ ወጣ። ሊያስተምራቸው የተንጠራራ አልነበረም። ልጇን በሞት ያጣችው ወተት ሻጭ ብቻ እጃቸውን ይዛ «እኔም ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «ብቻዬን አለማወቅ ቢሰለቸኝ ነው የመጣሁት።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ ባለቁልፉ ስልክ ደወሉ። «ደህና ነሽ?» አላሉም።

«ልጄ፣ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው እየጠየቀ በሚማርበት ጉባኤ ተቀምጬ ነበር። ያን ቀን የጠየቅሽኝን ዛሬም መመለስ አልችልም። መጠየቅሽ ግን ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ዝም ማሰኘት ነው። ይቅር በይኝ።»

ከወዲያ በኩል ልጃቸው አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማቸው።

«አባዬ፣ ጉባኤው ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

እንግዲህ የመማርን ጥቅም በዓይኑ ማየት የሚሻ ወደዚያ አዳራሽ ጎራ ይበል። አሥራ አራቱ ሠላሳ ሆነዋል። ድሮ ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ይጠይቀዋል፤ ወላጆች ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው «ና አብረን እንየው» ማለት ለምደዋል። ተጠየቅሁ ብሎ የፈረሰ እምነት የለም፤ ይልቁንም ከአፍ የነበረው ወደ ልብ ወረደ። ባለቁልፉም ለማንም የማይሰጡትን የአዳራሽ ቁልፍ በገዛ እጃቸው ሦስት ቅጂ ቀርጸው አደሉ።

ልጃቸው የመጣች ዕለት ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ተደርቦ ተቀመጠ። ሰዓቱ አልፎ፣ ግማሽ ሰዓት ተጨምሮ፣ አባቷ አሁንም እጃቸውን አውጥተው ይጠይቃሉ። እሷም ዘለላውን ከጠረጴዛው አነሣችና ጆሯቸው ሥር አንቃጨለች።

«አባዬ፣ ሰዓቱ እኮ አለቀ!»

«ምን ያጣድፍሻል?» አሉ ባለቁልፉ፣ ቁልፉን ከእጇ ተቀብለው ኪሳቸው እየከተቱ። «ቁጭ በይ፤ ቀጥሎ ያንቺ ተራ ነው።»